የገዛነው ስልክ፣ ያላዘዝነው ዳታ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴን ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ አምጥቻቸው አብረን እንኖራለን፤ ዕድሜያቸው 74 ነው። እንደመጡ በቤተሰብ ፕላናችን ላይ አንድ ላይን አስጨምሬ ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የሚሆን ታጣፊ ስልክ ሰጠኋቸው። ክፍያው ትንሽ ነበር። በቅርቡ ለራሴ አዲስ ስልክ ስገዛ፣ ክፍያው ያለቀውን የድሮ አይፎኔን ለእሳቸው ሰጥቼ ሲማቸውን እሱ ላይ አደረግኩላቸው። ሐሳቤ ቤት ውስጥ በዋይፋይ ከአገር ቤት ዘመድ ጋር በቴሌግራምና በኢሞ እንዲተያዩ ነበር። ለውጭ ዳታ አያስፈልጋቸውም ብዬ ራሴ አጥፍቼዋለሁ። ቢሉ ሲመጣ ግን በእሳቸው ቁጥር ላይ ያላዘዝኩት የ30 ዶላር የዳታ ፕላን ተጨምሮ አገኘሁት። ብደውል «ስማርት ስልክ ከሆነ ዳታ ግዴታ ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ነው የሚጨምረው» አሉኝ። አባቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ ስልኩን አጥፍተው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። «በእኔ ምክንያት አትክፈይ፣ የድሮውን መልሺልኝ» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ስለ 30 ዶላር አትጨቃጨቂ ይለኛል። በገንዘቤ የገዛሁት ስልክ ላይ ይህን ማድረግ ሕጋዊ ነው? ምን ባደርግ ይሻላል?

ልጃቸው ነኝ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ስልኩ ዛሬውኑ ከመሳቢያ ይውጣ። ሲሙን ለጊዜው ወደ ታጣፊው ስልክ መልሺው፤ አይፎኑን ግን አትውሰጂባቸው፣ ያለ ሲም በቤታችሁ ዋይፋይ ይጠቀሙበት። ቴሌግራምም ሆነ ኢሞ ሲሙ እዚያው ቀፎ ውስጥ ካልገባ አልሠራም አይሉም። የሚፈልጉት ሲመዘገቡ በቴክስት የሚላከውን ማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነው። እሱ ታጣፊው ስልክ ላይ ይገባል፣ አንቺ አይፎኑ ላይ ትጽፊዋለሽ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ አባትሽ ቀኑን ሙሉ ከዘመድ ጋር ሲተያዩ ቢውሉ የስልክ ቢሉ ላይ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። ይህን በቃል ብቻ አትንገሪያቸው። አጠገባቸው ተቀምጠሽ ቢሉን ዘርግተሽ አሳያቸው። የእሳቸው ዕድሜ ሰው ስልክ በጠራ ቁጥር ገንዘብ የሚቆጥር እየመሰለው ሲፈራ አይቻለሁ፤ ፍርሃቱ ካልተነሣላቸው የትኛውም ፕላን አይጠቅማቸውም።

ሲሙን ስትመልሺ ዳታው በራሱ ይነሣል ብለሽ ደግሞ አትዘናጊ። ሲስተሙ ለመጨመር ፈጣን ነው፤ ለመቀነስ ግን ብዙ ጊዜ ሰው ደውሎ እስኪጠይቀው ይጠብቃል። ደውለሽ «ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ቀፎ ተመልሷል፣ የዳታ ፕላኑን አንሡልኝ» በይ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን መዝግቢ። እግረ መንገድሽንም ዳታውን ሲጨምሩ በየትኛው ቀን፣ በምን መልእክት እንዳሳወቁሽ ጠይቂያቸው። አሳውቀውሽ ካልሆነ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ እንዲመልሱልሽ በትሕትና ግን ሳትለቂ ተከራከሪ። ላይኑን ለማዛወር እያሰብሽ መሆኑን ስትነግሪያቸው ደንበኛ እንዳይሄድ የሚያግባባ ሌላ ክፍል ጋ ያገናኙሻል፤ የመመለስ ሥልጣኑ ያለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው።

ሕጋዊ ነው ወይ ላልሽው፣ የማያስደስትሽ መልስ ነው ያለኝ፦ በአመዛኙ ሕጋዊ ነው። ስልኩ ያንቺ ነው፣ ይህን ማንም አይክድሽም። ኔትወርኩ ግን የእነሱ ነው፤ የምትገቢበትም በተስማማሽበት ውል ነው። በእነዚህ ረጃጅም ውሎች ውስጥ ደንበኛው ያለ ዳታ ፕላን ስማርት ስልክ ሲጠቀም ከተገኘ ኩባንያው ተገቢ ያለውን ፕላን ጨምሮ ማስከፈል እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ይገባል። ለየትኛው ቀፎ የትኛው ፕላን መሸጥ እንዳለበት የሚደነግግ የፌዴራል ሕግ ደግሞ የለም። ስለዚህ «ስልኩ የኔ ነው» የሚለው ክርክርሽ እውነት ቢሆንም አያሸንፍልሽም።

አባትሽን የገረማቸው ነገር ይገባኛል። አገር ቤት ሲም ከአንዱ ቀፎ ነቅሎ ሌላው ላይ ሲሰኩ ጠያቂ የለም። የድምፅ ጥቅል የፈለገ የድምፅ፣ የኢንተርኔት የፈለገ የኢንተርኔት ይገዛል። ዳታ ሳይጠፋ ተረስቶ ካርድ ቢበላ እንኳ የበላው የተጠቀሙበትን ነው። እዚህ ግን አባትሽ እንዲከፍሉ የተጠየቁት ስለተጠቀሙበት ዳታ አይደለም፤ ስለያዙት ቀፎ ዓይነት ነው። ዳታውን ከሴቲንግስ ማጥፋትሽ ያልረዳሽም ለዚህ ነው።

ቀፎውን እንዴት እንዳወቁት ልንገርሽ። እያንዳንዱ ስልክ አይኤምኢአይ የሚባል ባለ 15 አሐዝ መለያ ቁጥር አለው። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብትጫኚ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ 8 አሐዞች የቀፎውን አምራችና ሞዴል ይናገራሉ። ስልኩ ኔትወርክ በያዘ ቁጥር ይህን መለያ ከሲሙ ጋር ያስመዘግባል፤ ስለዚህ ሲሙን በቀየርሽበት ቅጽበት ኩባንያው አይፎን መሆኑን ዐውቋል። ኢትዮ ቴሌኮምም በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ያልተመዘገቡ ቀፎዎችን መለየት የጀመረው በዚሁ ቁጥር ነበር። ይህን መለያ ቀይረን ሲስተሙን እናታልልልሽ የሚሉ ሰዎች ካጋጠሙሽ አትስሚያቸው። ቀፎው ሊታገድ ይችላል፣ አንቺንም ባለ መብት ሆነሽ ሳለ ጥፋተኛ ያደርግሻል።

ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ ማወቅሽ ለክርክሩ ይጠቅምሻል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስማርት ስልክ መስፋፋት ሲጀምር የአሜሪካ ኩባንያዎች የቀፎውን ዋጋ ከፊሉን ራሳቸው ይሸፍኑ ነበር። ስድስት መቶ ምናምን ዶላር የሚያወጣ ስልክ በ199 ዶላር ይሰጡሽና የሁለት ዓመት ውል ያስፈርሙሻል፣ ልዩነቱንም በየወሩ ከምትከፍዪው ያወጡታል። የዳታ ግዴታው ያኔ ምክንያት ነበረው። ኤቲኤንድቲ በ2009 ነው ለአዳዲስ የስማርት ስልክ ደንበኞች ዳታን ግዴታ ያደረገው። በ2010 ክረምት ገደብ የሌለውን ዳታ ለአዲስ ደንበኛ መሸጥ አቁሞ 200 ሜጋባይት በ15 ዶላር፣ 2 ጊጋባይት በ25 ዶላር አደረገ። ቬራይዘንም በ2011 ገደብ የሌለውን ዘግቶ 2 ጊጋባይቱን በ30 ዶላር ሸጠ።

ያን ጊዜም ቢሆን ስልኩን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የመጣ፣ ወይም ውሉ ያለቀ ሰው ነበር። ለእሱ ኩባንያው ያወጣለት ሳንቲም የለም፣ ግዴታው ግን እኩል ይጫንበት ነበር። በኋላ ደግሞ ቅናሹ ራሱ ቀረ። ቲሞባይል በ2013፣ ቬራይዘን በ2015፣ ኤቲኤንድቲ በ2016 መጀመሪያ የሁለት ዓመቱን የቅናሽ ውል ተዉት። ዛሬ የስልኩን ሙሉ ዋጋ በየወሩ እየከፈልን የምንጨርሰው እኛው ነን። ምክንያቱ ሄደ፣ ግዴታው ግን እንዳለ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ኩባንያዎቹ ሌላም ምክንያት ያቀርባሉ። ዳታ ፕላን የሌለው ሰው ሳያውቅ ኢንተርኔት ነክቶ በሜጋባይት ሲቆጠርበት ቢሉ ያስደነግጠዋል፣ እኛ የምንከላከልለት ከዚያ ነው ይላሉ። ድንጋጤው እውነት ነው፣ የደረሰባቸው ብዙ ናቸው። ነገር ግን ዳታን ከኩባንያው በኩል ሙሉ በሙሉ መዝጋት ይቻላል፤ ወላጆች ለልጆቻቸው ስልክ ሲጠይቁ ይደረግላቸዋል። ሰውን ከትንሽ ድንገተኛ ወጪ ለማዳን ትልቅ ቋሚ ወጪ መጫን ጥበቃ አይባልም።

ባለቤትሽ ስለ 30 ዶላር አትጨቃጨቂ ማለቱ የቤቱን ሰላም አስቦ ይሆናል። በዓመት ግን 360 ዶላር ነው። ትንሽ ገንዘብ እየተባለ ዝም የተባለው ነገር ሲደመር ምን እንደሚያህል አንድ የታወቀ ጉዳይ ልጥቀስላችሁ። ቬራይዘን ዳታ ፕላን የሌላቸውን ደንበኞች፣ በስህተት አንድ ቁልፍ ሲነኩ ሳይቀር፣ 1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ያስከፍል ነበር። ሰዎች ዝም ሳይሉ አቤት አሉ። ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ፣ በ2010ም ኩባንያው ለ15 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞች ቢያንስ 52.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ፣ በዚያ ላይ 25 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲከፍል ተስማማ። የዚያ ሁሉ መነሻ ሁለት ዶላር የማይሞላ ክፍያ ነው።

ስለዚህ ኩባንያሽ ያላሳወቀሽን ክፍያ አልመልስም ካለ ለኤፍሲሲ አቤቱታ አስገቢ። በድረ ገጹ ላይ በነጻ ይሞላል፣ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። አቤቱታሽን «ስማርት ስልክ ላይ ዳታ ለምን ግዴታ ሆነ» ብለሽ አትጻፊው፤ ያ የትም አያደርስሽም። «ሳይነገረኝ፣ ሳልስማማ አዲስ ክፍያ ተጨመረብኝ» ብለሽ ቀኑንና መጠኑን አስፍሪ።

ሕጉ የሰጠሽ መብት በእነሱ ቤት ባሻሽ ዋጋ የመቀመጥ አይደለም፤ ስልክሽንም ቁጥርሽንም ይዘሽ የመውጣት ነው። ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ቁጥር የደንበኛው ተከታይ ሆኗል። የቆየ ዕዳ ቢኖርብሽ እንኳ ዕዳው ይጠየቃል እንጂ ቁጥሩን አልለቅም ሊሉሽ አይችሉም። በ2014 ደግሞ ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ስልክን አስከፍቶ፣ ማለትም በአንድ ኩባንያ ኔትወርክ ብቻ እንዲሠራ የተደረገበትን ቁልፍ አስነሥቶ፣ ወደ ሌላ ኔትወርክ መውሰድን በግልጽ ፈቅዷል። ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ክፍያው ያለቀ ስልክ ይከፈትልኝ ሲባሉ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፍቱ ወይም ያልከፈቱበትን ምክንያት እንዲናገሩ ቃል ገብተዋል። የአባትሽን ቁጥር ከዚያ ኩባንያ አውጪው። የእኔ ምክር ይኸው ነው።

ወዴት ትዪኝ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከቬራይዘን፣ ከኤቲኤንድቲና ከቲሞባይል ኔትወርክ ተከራይተው አገልግሎት የሚሸጡ ብዙ አነስተኛ ኩባንያዎች አሉ። አብዛኞቹ ፕሪፔይድ ናቸው፤ አስቀድመሽ ትከፍያለሽ፣ ከከፈልሽው በላይ ቢል አይመጣም። ከእነሱ መካከል ደቂቃውንና ዳታውን ለየብቻ እንድትመርጪ የሚያደርጉ፣ ስማርት ስልክ ላይም ቢሆን ዳታውን ዜሮ ማድረግ የሚፈቅዱ አሉ። ቴሎ የሚባለው አንዱ ነው። ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ሌሎቹንም አወዳድሪ። የምትጠይቂው ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ «በዚህ አይፎን ላይ፣ ያለ ዳታ፣ ድምፅና ቴክስት ብቻ ትሸጣላችሁ?» አዎ ካሉሽ በዚያኛው ቢል ላይ ከተጨመረብሽ በብዙ ባነሰ ዋጋ የአባትሽ ስልክ ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለሽ አባትሽን ጠይቂ። «ውጭ ዳታ አያስፈልጋቸውም» ያልሽው አንቺ ነሽ፣ እሳቸው ሲናገሩ አልሰማሁም። ከቤት ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ሲሄዱ፣ አውቶቡስ ሲያመልጣቸው፣ መንገድ ሲጠፋቸው ካርታ ማየት ወይም «ያለሁበት ይኸው» ብለው ቦታቸውን መላክ ቢችሉ ለእሳቸውም ለአንቺም እፎይታ ነው። እንግሊዝኛ የማይቀናቸው ከሆነማ ይበልጡን። በእነዚህ አነስተኛ ኩባንያዎች አንድ ወይም ሁለት ጊጋባይት በጥቂት ዶላር ጭማሪ ይገኛል። ዳታ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ሳይጠየቁ መጫኑ ነው መጥፎው። እሳቸው ከፈለጉት ግዢላቸው፣ ካልፈለጉት ተይው። ውሳኔው ግን የአባትሽ ይሁን። አገር ለቀው ልጅ ዘንድ የመጡ ሰዎች ስለራሳቸው የሚወስኑት ነገር በየቀኑ እያነሰ ይሄዳል።

ፕላን ስትመርጪ ከ2024 ጀምሮ ኩባንያዎቹ ኢንተርኔት ያለበትን ፕላን ሁሉ ዋጋውንና ተጨማሪ ክፍያውን በአንድ ሠንጠረዥ እንዲያሳዩ ተገደዋል፤ የታሸገ ምግብ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ይመስላል። ማስታወቂያውን ትተሽ እሱን አንብቢ። አባትሽ ሜዲኬይድ ወይም ፉድ ስታምፕ የሚያገኙ ከሆነም ላይፍላይን የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ በወር እስከ 9 ዶላር ከ25 ሳንቲም ስለሚቀንስ ስለሱ ጠይቂ።

አሁን ወደ አፈጻጸሙ። መጀመሪያ አይፎኑ ክፍት መሆኑን አረጋግጪ። ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ብለሽ ስትገቢ ካሪየር ሎክ በሚለው ትይዩ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። ካልሆነ ያሁኑ ኩባንያሽ እንዲከፍተው ጠይቂ። ቀጥሎ አይኤምኢአዩን በአዲሱ ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ ስልኩ እንደሚሠራ እይ። ይህን ያንቺ ዓይነት ችግር የሌለባቸው አንባቢዎችም ልብ ቢሉት እወዳለሁ። በ2022 የአሜሪካ ኩባንያዎች የድሮውን 3ጂ ኔትወርክ ዘግተዋል፤ አሁን የድምፅ ጥሪ ራሱ የሚሄደው በ4ጂና ከዚያ በላይ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ ቀፎ ኢንተርኔቱ እየሠራ ጥሪው እምቢ ሊል ይችላል። አክስታችን ይዘውት የመጡት ቴክኖ ሳይሞከር ፕላን አይገዛለት።

ቁጥሩን ስታዛውሪ አሮጌውን ላይን አስቀድመሽ እንዳታዘጊ። ከተዘጋ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል፤ የአባትሽ ቁጥር ደግሞ ሐኪማቸው ጋ፣ ባንክ ጋ፣ ኢሚግሬሽን ጋ ተመዝግቧል። ካሁኑ ኩባንያሽ የአካውንቱን ቁጥርና ለማዛወሪያ የሚሰጠውን ፒን ተቀበዪ። እነዚህን ለአዲሱ ኩባንያ ስትሰጪ ዝውውሩን እሱ ይጨርሰዋል፤ ቀላል ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። ቁጥሩ ከዚያኛው ሲወጣ ላይኑ በራሱ ይዘጋል።

ፒኑን ከመጠየቅሽ በፊት ግን የቤተሰብ ፕላኑን እዪው። ብዙ ፕላኖች የአንዱን ላይን ዋጋ የሚያሰሉት በላይኖቹ ብዛት ነው። አንድ ሲወጣ በቀሩት ላይ ዋጋ ሊጨምር ይችላል። ያንቺ አዲሱ ስልክም በየወሩ በሚቆረጥ ቅናሽ የተገዛ ከሆነ ቅናሹ ላይን ከመቀነስ ጋር የተያያዘ ቅድመ ሁኔታ እንዳለው አጣሪ። «የዚህ ቁጥር ላይን ቢወጣ የሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ቢሌ ስንት ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን በቻት ወይም በኢሜይል በጽሑፍ ተቀበዪ። ከዚያ ከባለቤትሽ ጋር ሒሳቡን ሠርታችሁ ካላዋጣችሁ፣ ታጣፊው ስልክ ከነሲሙ ይቀጥል፣ አይፎኑም ቤት ውስጥ በዋይፋይ ይሥራ። ይህም ያለ ጭማሪ ወጪ የሚያኖራችሁ መፍትሔ ነው።

በዚህኛው መንገድ ከቀጠላችሁ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሲም የሌለው ስልክም አካባቢው ላይ የማንኛውም ኩባንያ ኔትወርክ ካለ 911 መደወል ይችላል፤ ጥሪው ከተቋረጠ ግን ኦፕሬተሩ መልሶ ሊደውልበት አይችልም። ስለዚህ አባትሽ ከቤት ሲወጡ ታጣፊው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ ይሁን፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ያንቺም ቁጥር በአንድ ቁልፍ እንዲደወል ተደርጎ።

ቁጥሩን ካዛወርሽ ደግሞ ቀኑን ከቢሉ ዙር ጋር አስማሚ። ብዙ ኩባንያዎች ወሩ ሳያልቅ ለወጣ ደንበኛ የቀሪዎቹን ቀናት ሒሳብ አይመልሱም፤ ዙሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ማዛወሩ ይሻላል። ክፍያሽ በአውቶፔይ ከሆነ ቀጣዮቹን ሁለት ቢሎች ገንዘቡ ከመቆረጡ በፊት ክፈቺና የአባትሽ ቁጥር አሁንም ሰፍሮበት እንደሆነ ተመልከቺ።